መብረቅና የወተት ቅል፦ ብርሃን የአቶምን አስኳል እንዴት ይሰብራል?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የፎገራ ሜዳ ከመሬት ይልቅ ውኃ ይመስላል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ያመጡትን ደለል ሜዳው ላይ እያራገፉ ወደ ጣና ይወርዳሉ። ሩዙ ውኃ ውስጥ ቆሞ ያድጋል፤ አራሚው በደቦ ተሰልፎ፣ ጎንበስ ብሎ ያርማል። ከዚያ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ነጎድጓዱ ያጉረመርማል፤ መብረቁም ይወርዳል። በሜዳው ባለችው በወረታ ከተማና በዙሪያዋ ያደገ ሰው ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

ብዙ ሰው ያልሰማው ግን ሌላ ነገር አለ። መብረቅ የሚሰነጥቀው ዛፍ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ መብረቅ የምንተነፍሰውን አየር የአቶም አስኳል ይሰብራል። ይህን የሚያደርገው በሙቀቱ ወይም በድምፁ አይደለም፤ በብርሃኑ ነው። ብርሃኑም ዓይናችን የሚያየው ሳይሆን ጋማ ጨረር የሚባለው፣ እጅግ ከፍተኛ ኃይል ያለው ብርሃን ነው።

ብርሃን አስኳልን ሲመታና ሲሰብር የፊዚክስ ባለሙያዎች ክስተቱን የፎቶኒውክለር አጸግብሮት ይሉታል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ከፎገራ ሰው ሕይወት ሩቅ አይደለም። ወተት የገፋ ወይም ሲገፋ ያየ ሰው ዋናውን ሐሳብ በቀላሉ ይረዳዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ማሳየት ነው።

ጃፓን ላይ የታየው ምስክር

ጥር 29 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2017፣ በምዕራብ ጃፓን ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ካሺዋዛኪ ከተማ አጠገብ ከባድ መብረቅ ወደቀ። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ቴሩአኪ ኤኖቶና ባልደረቦቹ በአካባቢው የጨረር መቁጠሪያ መሣሪያዎችን አስቀድመው ተክለው ነበር። መሣሪያዎቹ በዚያ ምሽት ሦስት ነገሮችን በተከታታይ መዘገቡ።

መጀመሪያ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ በሚያንስ ጊዜ ውስጥ ኃይለኛ የጋማ ጨረር ብልጭታ መጣ። ቀጥሎ ከሰከንድ ሩብ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እየደበዘዘ የጠፋ ሌላ ጋማ ጨረር ተከተለ። በመጨረሻ ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ባሉት መሣሪያዎች ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል የቆየ፣ በቅንጣቶች የኃይል መለኪያ 511 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል የሆነ ጨረር ታየ።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር እንደ ጣት አሻራ ነው። 511 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት የሚወጣው ፖዚትሮን የተባለው የኤሌክትሮን ተቃራኒ ቅንጣት ከኤሌክትሮን ጋር ተገናኝቶ ሁለቱም ሲጠፋፉ ነው። ፖዚትሮን ደግሞ በተራ አየር ውስጥ እንዲሁ አይገኝም፤ ብልጭታው ካለፈ በኋላ ለደቂቃ ያህል እንዲታይ የሚያመነጨው ያልተረጋጋ አስኳል መኖር አለበት። ስለዚህ መብረቁ አየር ውስጥ አዲስ፣ ያልተረጋጋ አስኳል ፈጥሯል ማለት ነው። ግኝቱ ኅዳር 14 ቀን 2010 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ።

ታሪኩ ከመነሻው ሲተረክ እንዲህ ነው። በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ኤሌክትሮኖችን ወደ ብርሃን ፍጥነት እስኪጠጉ ድረስ ይገፋቸዋል። ይህን ሐሳብ ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ዊልሰን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አቅርቦት ነበር። እነዚህ ኤሌክትሮኖች ከአየር አስኳሎች አጠገብ ሲያልፉ ይታጠፋሉ፤ ያጡትም ኃይል ጋማ ጨረር ሆኖ ይወጣል። ጋማ ጨረሩ የናይትሮጅንን አስኳል ሲመታ አንድ ኒውትሮን ያስወጣል። ሰባት ፕሮቶንና ሰባት ኒውትሮን የነበረው ናይትሮጅን 14 ሰባት ፕሮቶንና ስድስት ኒውትሮን ብቻ ያለው ናይትሮጅን 13 ይሆናል። የወጣው ኒውትሮን ጥቂት ተንከራትቶ በሌላ አስኳል ይዋጣል፤ ሁለተኛው ደብዛዛ ጨረር የመጣው ከዚህ ነው። ናይትሮጅን 13 ደግሞ ፖዚትሮን ተፍቶ ካርቦን 13 ይሆናል። ካርቦን 13 የተረጋጋ፣ በእንጀራችንም በእንጨታችንም ውስጥ በጥቂቱ ያለ የካርቦን ዓይነት ነው። የናይትሮጅን 13 ዕድሜ አጭር ነው፤ በየአሥር ደቂቃው ግማሹ ያልቃል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ64 አንዱ ብቻ ይቀራል።

ከ9.8 እስከ 10.6 ሚሊዮን

የፎገራ ገበሬ መብረቅ የበዛበት ክረምት ለሰብል መልካም ነው ሲባል ሰምቶ ይሆናል። እውነትነት አለው። የአየር 78 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው፤ ሩዝ ግን ከአየሩ በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። ሁለት የናይትሮጅን አቶሞች አጥብቀው ተቆላልፈዋልና። የመብረቅ ሙቀት ያንን ቁልፍ ይከፍታል፤ የተለያዩት አቶሞች ከኦክስጅን ጋር ይጣመሩና ከዝናብ ጋር ማዳበሪያ ሆነው ይወርዳሉ።

ይህን ቁልፍ ለመክፈት የሚያስፈልገው ኃይል 9.8 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። ለማነጻጸር፣ የምናየው የፀሐይ ብርሃን እያንዳንዱ ቅንጣት ከሁለት እስከ ሦስት ኤሌክትሮን ቮልት ይይዛል። ከናይትሮጅን አስኳል ውስጥ አንድ ኒውትሮን ለማስወጣት የሚያስፈልገው ደግሞ 10.6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ቁጥሮቹን እናስተያያቸው። ሁለት አቶሞችን መለያየትና የአንዱን አቶም አስኳል መስበር በኃይል መጠን አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይራራቃሉ። ያው መብረቅ ግን ሁለቱንም ያደርጋል፤ የመጀመሪያውን በሙቀቱ፣ ሁለተኛውን በጋማ ጨረሩ።

10.6 ሚሊዮኑ ደፍ ነው። አንድ ነጠላ የብርሃን ቅንጣት ያን ያህል ካልያዘ ሺህና ሚሊዮን ደካማ ቅንጣቶች ቢዘንቡም አስኳሉ ኒውትሮን አይሰጥም። እያንዳንዱ አስኳል የራሱ ደፍ አለው። ለአብዛኞቹ ስምንት ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው። በጣም ዝቅተኛዎቹ ሁለት ናቸው፤ ቤሪሊየም 9 በ1.67 ሚሊዮን፣ ከባዱ ሃይድሮጅን ዲዩቴሪየም ደግሞ በ2.22 ሚሊዮን።

የዲዩቴሪየምን ደፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገሩት ጄምስ ቻድዊክና ሞሪስ ጎልድሃበር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1934 ካምብሪጅ ውስጥ ከቶሪየም ዝርያ የሚወጣ 2.62 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ጋማ ጨረር ዲዩቴሪየም ላይ አነጣጠሩ፤ ዲዩቴሪየሙም ወደ አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን ተከፈለ። ጎልድሃበር ያን ጊዜ ከጀርመን የተሰደደ ወጣት ተማሪ ነበር። ሙከራው ብርሃን አስኳልን እንደሚሰብር ከማሳየቱ በላይ የኒውትሮንን ክብደት በትክክል ለማስላት አስችሏል።

ቅሉ ሲገፋ

ደፉን ማለፍ ግን ብቻውን አይበቃም። የብርሃን ቅንጣት ደፉን ቢያልፍም ብዙውን ጊዜ አስኳሉን ሳይነካው ያልፋል። አስኳሉ ብርሃኑን ጠጥቶ የሚናጠው በአንድ የተወሰነ ምት አካባቢ ነው።

የፎገራ ከብት በወተቱ የታወቀ ዝርያ ነው፤ ስለዚህ ምሳሌውን ከዚያው ቤት እንውሰድ። እናት ቅሉን በጠፍር አንጠልጥላ ወዲያና ወዲህ ትገፋዋለች። በጣም ቀስ ብላ ብትገፋው ወተቱ ዘመም ቀና ይላል እንጂ አይናጥም። እጅግ ፈጥና ብታንቀጠቅጠው ወተቱ ባለበት ይንዘፈዘፋል። በትክክለኛው ምት ስትገፋው ግን ወተቱ በሙሉ እንደ አንድ ሆኖ ከግድግዳ ግድግዳ ይመታል፤ ትንሽ ግፊት ትልቅ ንጠት ይፈጥራል። የፊዚክስ ሰዎች ይህን የምት መግጠም ሬዞናንስ ይሉታል።

አስኳልም እንደዚያ ቅል ነው። በውስጡ ኤሌክትሪክ ያላቸው ፕሮቶኖችና ኤሌክትሪክ የሌላቸው ኒውትሮኖች ተደባልቀው ይኖራሉ። ብርሃን ሲመጣ የሚገፋው ኤሌክትሪክ ያላቸውን ነው። ፕሮቶኖቹ በደቦ ወደ አንድ ወገን ሲሄዱ ኒውትሮኖቹ ሚዛኑን ለመጠበቅ በደቦ ወደ ሌላው ወገን ይሄዳሉ። አስኳሉን አጣብቆ የያዘው ኃይል ደግሞ መልሶ ይስባቸዋል፤ ተላልፈው ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይወዛወዛሉ። በአንዱ ጫፍ ፕሮቶን፣ በሌላው ኒውትሮን ሲበዛ አስኳሉ ሁለት ዋልታ ያበጃል፤ ዳይፖል የሚለው ስም ሁለት ዋልታ ማለት ነው። ሁሉም በአንድነት ስለሚንቀሳቀሱና ውዝዋዜው እጅግ ብርቱ ስለሆነ ክስተቱ ግዙፉ የዳይፖል ሬዞናንስ ተባለ።

ትልቅ ቅል ቀስ ብሎ፣ ትንሽ ቅል ፈጥኖ እንደሚናጥ ሁሉ አስኳልም እንዲሁ ነው። በከባዱ እርሳስ ውስጥ ምቱ የሚገጥመው በ13.5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው። እንደ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ባሉ ቀላል አስኳሎች ግን ወደ 23 ሚሊዮን ይጠጋል። የእርሳሱ ውዝዋዜ በሰከንድ ከሦስት ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ ይበልጣል። ብዙም አይቆይም፤ ጥቂት ተወዛውዞ ኃይሉ ወደ ሙቀት ይለወጥና በቅንጣቶቹ መካከል ይበተናል። ከዚያ የጋለው አስኳል ሙቀቱን የሚያወጣበት መንገድ ይፈልጋል። ከባድ በሆኑት አስኳሎች ፕሮቶን በራሱ ኤሌክትሪክ ምክንያት መውጫው ላይ ይታገዳል፤ ኒውትሮን ግን የሚያግደው የለም። ውታፉ እንደላላ ቅል አስኳሉ ኒውትሮን ያንጠባጥባል። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ኒውትሮኑ ተነነ ይላሉ።

ይህ እውቀት በአንድ ቀን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1937 ቫልተር ቦተና ቮልፍጋንግ ጌንትነር ሃይድልበርግ ውስጥ 17 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በሆነ ጋማ ጨረር የተመቱ ንጥረ ነገሮች ከተጠበቀው በላይ ጨረር አመንጪ ሲሆኑ አዩ። እ.ኤ.አ. በ1944 ሶቪየታዊው አርካዲ ሚግዳል ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች በተቃራኒ እንደሚወዛወዙ በስሌት አሳየ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 እና 1948 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ቦልድዊንና ስታንሊ ክላይበር ቤታትሮን በተባለ ማሽን ዩራኒየምን፣ ቶሪየምን፣ ካርቦንንና መዳብን በጋማ ጨረር መቱ፤ ብርሃኑ በአንድ የተወሰነ ኃይል አካባቢ ይበልጥ እንደሚዋጥ መዘገቡ። በ1948 ያው ጎልድሃበር ከኤድዋርድ ቴለር ጋር ማብራሪያውን ጻፈ። በ1950 ደግሞ ሄልሙት ሽታይንቬደልና ሃንስ የንሰን ግድግዳው ሳይንቀሳቀስ ፕሮቶኖቹና ኒውትሮኖቹ እንደ ሁለት ፈሳሾች በውስጡ የሚናጡበትን ሥዕል አቀረቡ። ይህ የኋለኛው ሥዕል ከወተቱ ቅል ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል።

ስልባቦቱ

ወተት ፈልቶ ሲቀመጥ ከላዩ ስልባቦት ይይዛል። ኒውትሮን የበዛባቸው አስኳሎችም እንዲሁ ናቸው። መሃላቸው ፕሮቶንና ኒውትሮን የተደባለቀበት ሲሆን ዳርቻቸውን ትርፍ ኒውትሮኖች እንደ ስስ ሽፋን ይለብሱታል። ብርሃን ሲመጣ ይህ ሽፋን በመሃለኛው ላይ ለብቻው ይንሸራተታል፤ ከግዙፉ በታች፣ ለደፉ በቀረበ ኃይል ሌላ ትንሽ ጉብታ ይፈጥራል። ስሙም ከግዙፉ ጋር ሲተያይ ድንኩ የዳይፖል ሬዞናንስ ሆነ።

ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም። ሽፋኑ ምን ያህል እንደሚወፍር ማወቅ ኒውትሮን ብቻውን ሲታጨቅ ምን ያህል እንደሚገፋ ይነግረናል። ያ ግፊት ደግሞ የኒውትሮን ኮከብን ስፋት ይወስናል። የኒውትሮን ኮከብ ማለት ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት በአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ሬዲየስ ውስጥ የታጨቀበት አካል ነው። በእርሳስ 208 አስኳል ላይ ስልባቦቱን የሚለካ ሰው በሩቅ ሰማይ ያለን ኮከብ እየለካ ነው።

ጨረር የነካው ሁሉ ጨረር አመንጪ አይሆንም

የደፉ ጉዳይ ለዕለት ኑሯችን ትልቅ ትርጉም አለው። ብዙ ሰው በጨረር የታከመ ሕመምተኛ፣ በጨረር የታከመ እህል ወይም ዕቃ ራሱ ጨረር ያመነጫል ብሎ ይሰጋል። መልሱ በደፉ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ካንሰርን ያከመበት ማሽን በኮባልት 60 የሚሠራ ነበር። የኮባልት 60 ጋማ ጨረር 1.17 እና 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ይህ ዝቅተኛ ደፍ ካለው ከቤሪሊየም እንኳ በታች ነው፤ ከሰውነታችን ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ደፍ ደግሞ እጅግ ይርቃል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከክፍሉ ሲወጣ በሰውነቱ ውስጥ ምንም ጨረር አይዝም። እናት ልጇን ያለ ስጋት ልታቅፍ ትችላለች። የቆላ ዝንብን ለማጥፋት ወንዶቹን በጋማ ጨረር የሚያመክነው የቃሊቲ ማዕከልም ዝንቦቹን መካን ያደርጋቸዋል እንጂ ጨረር አመንጪ አያደርጋቸውም።

ለእህልና ለቅመም የሚደረገው የጨረር ሕክምናም በዚሁ ምክንያት በዓለም አቀፍ ደንብ ወሰን ተበጅቶለታል፤ ኤክስሬይ ከሆነ እስከ 5 ሚሊዮን፣ ኤሌክትሮን ከሆነ እስከ 10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት። ወሰኑ የተበጀው በምግቡ ውስጥ ያሉ አስኳሎች ትርጉም ባለው መጠን እንዳይሰበሩ ነው። ሊኒያር አክስለሬተር የተባሉት ዘመናዊ የካንሰር ማከሚያ ማሽኖች ግን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሲሠሩ በማሽኑ ብረት ውስጥ ኒውትሮን ማመንጨት ይጀምራሉ። ለዚህም ነው እንዲህ ያለ ማሽን የሚተከልበት ክፍል ግድግዳና በር ኒውትሮንን ጭምር እንዲያቆም ተደርጎ የሚሠራው። በየክልሉ የካንሰር ማዕከል ስንገነባ የደፉን ሕግ የሚያውቁ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማፍራት ከማሽኑ ግዢ እኩል አስፈላጊ ነው።

ከሩዝ ቅርፊት እስከ ኮከብ

ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ያለበት ሰፈር ሁሉ የሩዝ ቅርፊት ክምር አለ። ቅርፊቱ ሲቃጠል አንድ አምስተኛው ገደማ አመድ ሆኖ ይቀራል፤ አመዱም በአብዛኛው ሲሊካ፣ ማለትም ሲሊኮንና ኦክስጅን ነው። ሩዝ ከብዙ ሰብሎች በላይ ሲሊኮንን ከአፈር የሚስብ ተክል ነው። ይህ ሲሊኮን የተሠራው ከፀሐይ በብዙ እጥፍ የሚከብዱ ኮከቦች ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለ ኮከብ ዕድሜው ሲያልቅ መሃሉ ሦስት ቢሊዮን ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ሙቀት ብርሃኑ ራሱ ጋማ ጨረር ነው። ጋማው አንዳንዱን የሲሊኮን አስኳል እየመታ የሂሊየም አስኳሎችን ያስወጣል፤ ሌሎች የሲሊኮን አስኳሎች የወጣውን ሂሊየም እየዋጡ ያድጋሉ፤ ኒኬል 56 ይሆናሉ። ኒኬል 56 ወደ ኮባልት 56፣ ኮባልቱም ወደ ብረት 56 ይለወጣል። የማረሻችን ብረት አብዛኛው ከኒኬል 56 የተገኘ ነው። ከቅርፊቱ ሲሊኮን እስከ ማረሻው ብረት ያለውን መንገድ የጠረገው አስኳል የሚሰብር ብርሃን ነው። በትልቅ ኮከብ ውስጥ ይህ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ቀን ገደማ ነው።

ብርሃኑ ግን ብረቱንም አይምርም። የኮከቡ መሃል ይበልጥ ሲግል ጋማው የብረት አስኳልን ወደ 13 ሂሊየምና 4 ኒውትሮን ይበትነዋል። ለእያንዳንዱ ብረት 124 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይጠፋል። ኮከቡን ደግፎ የያዘው ሙቀት በዚህ ይመጠጣል፤ ምሰሶው እንደተሰበረ ጎጆ መሃሉ ወደ ውስጥ ይደረመሳል፤ ውጨኛው ክፍል ደግሞ ሱፐርኖቫ ሆኖ ይፈነዳል።

ፍንዳታው በውጨኛ ንብርብሮች ሲያልፍ ሙቀቱ ለአጭር ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ቢሊዮን ዲግሪ ይደርሳል። ጋማው በዚያ ያሉትን ከባድ አስኳሎች ኒውትሮን እያንጠባጠበ ይቀርጻቸዋል። 35 ያህል ብርቅ አስኳሎች በዋናነት በዚህ ሂደት እንደተፈጠሩ ይታመናል። እዚህ ላይ የስልባቦቱ ጉዳይ ይመለሳል። በኮከብ ውስጥ አብዛኛው የብርሃን ቅንጣት ደፉ ላይ አይደርስም፤ የሚደርሱት ጥቂቶችም ከደፉ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ለደፉ የቀረበው ድንኩ ሬዞናንስ የእነዚህን አስኳሎች ስሌት ሊለውጥ ይችላል።

የፎገራ ገበሬ ሩዙን ካነሳ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ጓያ ሥሩ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት የአየርን ናይትሮጅን ወደ አፈር ያስገባል። ባክቴሪያዎቹ ይህን የሚያደርጉበት ኢንዛይም ሞሊብደነም የተባለ ብረታማ ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ከዓለማችን ሞሊብደነም ሩብ የሚጠጋው ሞሊብደነም 92 እና 94 ሲሆን ሁለቱም ከ35ቱ ብርቅ አስኳሎች መካከል ናቸው። የእነሱ መጠን የኮከብ ስሌቶች ከሚሰጡት በላይ ነው፤ ምክንያቱን መፈለግ ዛሬም በመስኩ ካሉት ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ነው። መብረቅ በአንድ ምት የሚከፍተውን የናይትሮጅን ቁልፍ ጓያ በዝምታ፣ ሞሊብደነም ይዞ ይከፍተዋል።

ጉና ላይ ሊሠራ የሚችል ሥራ

ካሺዋዛኪ ላይ መለካት የተቻለው በዚያ የበረዶ ወራት ደመናው ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ነው። ጋማ ጨረር በአየር ውስጥ ሩቅ አይጓዝምና። የእኛ የክረምት ነጎድጓድ ደመና ይበልጥ ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ የፎገራ ሜዳ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ በስተምሥራቅ ያለው ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አርመን ውስጥ አራጋትስ በተባለው ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ተመራማሪዎች ከነጎድጓድ ደመና የሚመጣ ጋማ ጨረር ለዓመታት ሲለኩ ቆይተዋል። ጉና ከዚያ ይበልጣል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ግዙፍ ማሽን አይደለም። ጨረር ሲነካው የሚያበራ ክሪስታል፣ ብርሃኑን የሚያነብ ዳሳሽ፣ ትንሽ ኮምፒውተርና ጂፒኤስ ነው። የእነ ኤኖቶ ቡድን ሥራውን ሲጀምር ከገንዘቡ ከፊሉን ያገኘው ከተራ ዜጎች መዋጮ ነው። የባሕር ዳር፣ የደብረ ታቦርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በጣናና በጉና ዙሪያ ይገኛሉ። የፊዚክስ ተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ጥናታቸውን ከአገራቸው ሰማይ ሊያገኙ ይችላሉ። መምህራን ይህን በር እንዲከፍቱላቸው አደራ እላለሁ።

በሜዳ ላይ ላለ ሰው

አሁን ወደ አራሚው እንመለስ። መብረቅ ናይትሮጅን 13 ቢፈጥርም ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው አደጋው እሱ አይደለም። የሚገድለው የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ነው። እንደ ፎገራ ባለ ገላጣ ሜዳ ደግሞ ቆሞ የሚታይ ሰው ከአካባቢው ሁሉ ከፍ ያለ ነገር ሊሆን ይችላል።

ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ፤ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ቆጠራው ከ30 ካነሰ ከውኃው ውጡ፤ ማጭድና ዶማውን አስቀምጡ፤ ወደ ቤት ወይም ወደ ተዘጋ መኪና ግቡ። ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ጣና ላይ በታንኳ ያላችሁ ቶሎ ወደ ዳር ውጡ። መጠለያ ከሌለ ተራርቃችሁ፣ እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ፤ መሬት ላይ አትተኙ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ማሳው አትመለሱ።

መብረቅ የመታው ሰው ሰውነቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ ጨረርም አይቀርም። ስለዚህ ሳትፈሩ ንኩት። ካልተነፈሰና ካልተንቀሳቀሰ በጀርባው አስተኙትና ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጅ፣ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል አጥብቃችሁ ጫኑ፤ ሌላ ሰው ደግሞ እርዳታ ይጥራ። መብረቅ ከመታቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይተርፋሉ፤ የሚሞቱት በአብዛኛው ልባቸው ስለሚቆም ነው። የቆመ ልብ ደግሞ አጠገቡ ባለ ሰው እጅ ተመልሶ ሊመታ ይችላል።